ዋንዛን ተክለን እናሳድግ

እስቲ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። በሩ ከምን ተሠራ? ሙቀጫው ከምንድን ነው? ገበቴውስ? በቤተ ክርስቲያን የሚመታው ከበሮ ከየትኛው እንጨት ተፈልፍሎ ወጣ? በብዙ ቤት መልሱ አንድ ነው። ዋንዛ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ እንጨምር። ያን ዋንዛ ማን ተከለው? አንዱ “አያቴ ትተውልኝ ነው” ይላል። ሌላው “ወፍ ዘርቶት የበቀለ ነው” ይላል። “እኔው ተክዬ፣ ውሃ አጠጥቼ ያሳደግሁት ነው” የሚል ሰው ግን ጥቂት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የምንቆርጠው ሌሎች ያቆዩልንን ነው። ለልጆቻችን የምናቆየውስ የታለ? ጎተራ እየቀነሱለት ካልጨመሩበት አንድ ቀን ባዶ ይሆናል። ዋንዛም እንደዚያው ነው።

ይህ ትምህርት በሐሙሲት፣ በደራ ወረዳና በጣና ዳርቻ ለሚኖሩ ገበሬዎች የተዘጋጀ ነው። ዋንዛን ከፍሬው ጀምሮ እንዴት እንደምናሳድግ ያስረዳል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም አንብቡለት።

1. ዋንዛ ምን ዓይነት ዛፍ ነው?

ዋንዛ የአገራችን ዛፍ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ550 እስከ 2,600 ሜትር ከፍታ ባለው መሬት ይበቅላል። የጣና ሐይቅ ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የእኛ አገር ለዋንዛ ተስማሚ ነው።

ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ ነው። አበባው ነጭ ነው፤ ሲያብብ ዛፉ ነጭ ነጠላ የለበሰ ይመስላል። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ይሆናል። ውስጡ የሚያጣብቅና ጣፋጭ ነው። ልጆች ከብት ሲጠብቁ ለቅመው ይበሉታል። ወፎችና ጦጣዎችም ይወዱታል።

2. ዋንዛ ምን ይጠቅመናል?

አንደኛ፣ ጣውላው ነው። ውስጡ ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ ነው። ለአናጢ አያስቸግርም፤ ሲላግ ያምራል። በር፣ መስኮት፣ ጠረጴዛና ቁም ሳጥን ይሠራበታል።

ሁለተኛ፣ አበባው ለንብ ቀለብ ነው። ዋንዛ ያለበት መንደር ንብ አይርቀውም።

ሦስተኛ፣ ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ አፈሩን ያለማል። በምዕራብ ኢትዮጵያ በባኮ አካባቢ በበቆሎ ማሳ ውስጥ ባሉ የዋንዛ ዛፎች ላይ ጥናት ተደርጓል። በዛፉ ሥር ያለው አፈር ከዛፉ ርቆ ካለው አፈር የተሻለ ለም ሆኖ ተገኝቷል። ገበሬውም ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ሲያርስ ዋንዛን ዞሮት የሚያልፈው።

አራተኛ፣ በበጋ ሣር ሲጠፋ ቅጠሉ ለከብት መኖ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ለቡና ጥላ ይሆናል። ባሕር ዳር አጠገብ ያለችውን ዘጌን አስቡ። የዘጌ ቡና የሚያድገው በዋንዛ፣ በብርብራና በሌሎች ዛፎች ጥላ ሥር ነው። በዘጌ እንደ ልማድ መሬት አይታረስም፤ ከብትም አይረባም። ሰዎቹ ይህን ከአባቶች የመጣ ቃል ኪዳን አድርገው ይጠብቁታል። ደኑም እስከ ዛሬ ቆይቷል። ከብት ከማይደርስበት ቦታ ዛፍ ራሱን እንደሚተካ ከዘጌ እንማራለን።

3. ዋንዛ ለምን እያነሰ ሄደ?

ጣውላው ስለሚፈለግ ይቆረጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን ማንም እንዳይቆርጣቸው ከልክሎ ነበር። ያ አዋጅ በ1999 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ነገር ግን 4ቱ ዛፎች በሕግ እስኪጠበቁ ድረስ ማነሳቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ሌላም ምክንያት አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ገበሬው በማኅበር ተደራጀ። በ1970ዎቹ ዓመታት በየገበሬ ማኅበሩ በዘመቻ ብዙ ችግኝ ተተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን በብዙ ቦታ የጋራው ደን ተጨፈጨፈ። የተከለው ገበሬ ራሱ መጥረቢያ ይዞ የወጣበት ቦታ ነበር። ለምን? ብዙው ሰው ዛፉን “የእኔ ነው” ብሎ አላየውም። ማን እንደሚጠቀምበትም አላወቀም።

ዛሬ በአማራ ክልል ገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር አለው። በይዞታው ላይ የተከለው ዛፍ የራሱ ሀብት ነው። ለልጁም ያወርሰዋል። ስለዚህ “ለማን ብዬ ልትከል?” የሚለው ጥያቄ መልስ አግኝቷል። ሆኖም ትልቅ ዛፍ ቆርጣችሁ ከመሸጣችሁ በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ይነግራችኋል።

4. ፍሬውን መልቀም

ፍሬው የሚበስለው በበጋ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ዛፎቻችሁን ተመልከቱ። ቢጫ ሆኖ መሬት የወደቀውን አዲስ ፍሬ ልቀሙ። አረንጓዴውን አታውርዱ፤ አልበሰለም።

ከየትኛው ዛፍ እንልቀም? ጥሩ በሬ ከጥሩ ላም ይወለዳል። ዛፍም እንዲሁ ነው። ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ጤነኛና ቅርንጫፉ ያማረ ዛፍ ምረጡ። ከ1 ዛፍ ብቻ አትልቀሙ። ከ5 ወይም ከ6 ዛፍ ለቅማችሁ ቀላቅሉ። የዘሩ ዓይነት ሲበዛ አንዱ በሽታ ወይም ድርቅ ባይችል ሌላው ይችላል።

የለቀማችሁትን ፍሬ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ከዚያ በአሸዋ እያሻችሁ የሚያጣብቀውን ሥጋ አስለቅቁ። በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ጥላ ውስጥ አስጡት። ፀሐይ ላይ አታስጡት።

5. ችግኝ ማፍላት

ውሃ አጠገብ ያለ ቦታ ምረጡ። ጓሮ ቢሆን ይሻላል፤ ከዓይን አይርቅም። 3 እጅ ለም አፈር፣ 1 እጅ አሸዋና 1 እጅ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ። አፈሩን በላስቲክ ሙሉት። የላስቲኩን ሥር ብሱት፤ ካልተበሳ ውሃው ይተኛና ዘሩ ይበሰብሳል።

በእያንዳንዱ ላስቲክ 2 ዘር ዝሩ። ዘሩን በስሱ አፈር አልብሱት። ከላይ ሣር ጣል አድርጉበት። ጠዋት ወይም ማታ ውሃ አጠጡት።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ዋንዛ እንደ ጎመን በሳምንት አይበቅልም። ከ1 እስከ 2 ወር ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው “ዘሩ ሞቷል” ብሎ አፈሩን ይደፋዋል። አትድፉት! ውሃውንም አታቋርጡ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

2ቱም ዘር ከበቀለ ደካማውን ንቀሉ። ከላይ በሣር ዳስ ጥላ ሥሩለት። ሥሩ ከላስቲኩ አልፎ መሬት እንዳይዝ ላስቲኩን በየጊዜው አንሥታችሁ እዩ። ከመተከሉ 1 ወር በፊት ጥላውንና ውሃውን ቀስ በቀስ ቀንሱለት። ችግኙ ፀሐይ ይለምዳል፤ ይጠነክራል።

ችግኙ በሐምሌ ገና ትንሽ ከሆነ አትቸኩሉ። እዚያው እየጠጣ እስከሚቀጥለው ክረምት ይቆይ።

ችግኝ ማፍላት ለማይመቸው ሌላ መንገድ አለ። ክረምት ሲገባ በትልቁ ዋንዛ ሥር ራሱ የበቀለ ትንሽ ችግኝ ይገኛል። አፈሩ እንደረጠበ፣ ከነሥሩና ከነአፈሩ በጥንቃቄ አንሥታችሁ መትከል ትችላላችሁ።

6. መትከል

ጉድጓዱን በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመሪያ ቆፍሩ። ስፋቱ 1 ክንድ፣ ጥልቀቱም 1 ክንድ ይሁን። የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን አፈር በሌላ በኩል አድርጉ።

ተከላው በሐምሌ ነው። ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰው በኋላ ትከሉ። ላስቲኩን ቀድዳችሁ አውጡ። ከነላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ታስሮ እንደሚጠባ ጥጃ ነው፤ አያድግም። መጀመሪያ የላዩን ጥቁር አፈር መልሱ። ከዚያ የታችኛውን አፈር ጨምሩ። በእግር ጠበቅ ጠበቅ አድርጉት።

የት እንትከል? ዋንዛ ውሃ የሚተኛበት መሬት አይስማማውም። በጣና ዳርና በፎገራ ሜዳ በኩል በክረምት ውሃ የሚይዝ ዋልካ መሬት አለ። እዚያ አትትከሉት። ውሃው የሚወርድበት ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ይመረጣል። በጓሮ፣ በማሳ ድንበር፣ በቡናና በጌሾ መካከል፣ በእርከን ላይ መትከል ይቻላል። በማሳ ውስጥ ከሆነ በዛፍና በዛፍ መካከል 10 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ተዉ። ዋንዛ ሲያድግ ይሰፋል። ዛሬ የቀጠነ ችግኝ አይታችሁ አታቀራርቡት።

7. ሁለቱ በጋዎች

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማሳደግ ግን የብዙ ቀን ሥራ ነው። ችግኝ የሚሞተው በክረምት አይደለም። የሚሞተው ሰው ሁሉ በረሳው ጊዜ፣ በየካቲትና በመጋቢት ነው። የመጀመሪያዎቹን 2 በጋዎች ያለፈ ዋንዛ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ ራሱን ይችላል። ስለዚህ የእኛ ትልቁ ሥራ 2 በጋ ማሳለፍ ነው።

ሀ) ከከብት መጠበቅ። መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ከብት በየማሳው ይለቀቃል። በዚያን ጊዜ ያልታጠረ ችግኝ አለቀለት። እያንዳንዱን ችግኝ በእሾህ ክበቡት። ከእሾህ አጥር ሌላ በዙሪያው አጋም መትከል ይቻላል።

በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና የሥራ ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት በ2001 ዓ.ም. ታትሟል። ከብት በማይገባበት ቦታ የዛፍ ቡቃያ በተሻለ ሁኔታ እንደሚበቅልና እንደሚያድግ አሳይቷል። በኋላም በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ሕዝቡ ከማሳው ድንጋይ እየለቀመ ካብ ሠርቷል። ድንጋዩ ከማሳው መነሳቱ ለእርሻው ጠቀመ፤ ካቡም ለደኑ ጠቀመ።

ለ) ውሃ ማጠጣት። እስቲ አብረን እናስላ። 10 ችግኝ ተከላችሁ እንበል። ለ1 ችግኝ በ1 ጊዜ 2 ሊትር ውሃ ትሰጣላችሁ። በሳምንት 2 ጊዜ ታጠጣላችሁ።

10 × 2 ሊትር = 20 ሊትር
20 ሊትር × 2 ጊዜ = 40 ሊትር

ይህ በሳምንት 2 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ይቻላል። 100 ችግኝ ብትተክሉስ? በሳምንት 20 ጀሪካን ይሆናል። ወንዝ ወይም ጉድጓድ ለራቀው ቤት አይቻልም። እንግዲህ በጀሪካናችሁ ልክ ትከሉ! 100 ተክሎ 3 ከማሳደግ፣ 10 ተክሎ 8 ማሳደግ ይሻላል።

ውሃውን የሚቀዳው ማነው? በብዙ ቤት እናትና ሴት ልጅ ናቸው። ስለዚህ አባወራው ብቻውን ወስኖ አይትከል። መጀመሪያ ከባለቤቱ ጋር ይማከር። የውሃው ሥራም ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይከፋፈል። የእጅ መታጠቢያና የዕቃ ማጠቢያ ውሃም ሳሙና ካልበዛበት ለችግኙ ይሆናል።

ሐ) ማልበስ። በችግኙ ዙሪያ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ አልብሱ። እርጥበቱ አይሸሽም። ግን ገለባው ግንዱን አይንካው፤ ምስጥ ይጠራበታል። 1 ጭብጥ ያህል ራቅ አድርጉት።

8. መመልመል

ዋንዛ ከተተወ ገና ከታች ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ግንዱም አጭርና ጠማማ ይሆናል። አጭር ግንድ ጣውላ አይወጣውም። ስለዚህ ከታች ያሉትን ቅርንጫፎች ገና ቀጭን ሳሉ መልምሉ። በስለታም ማጭድ ወይም በመጋዝ ከግንዱ አጠገብ ቁረጡ። አትገንጥሉ፤ ልጡ ይላጣል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጨርሱ። ከላይ ካለው ግማሹን ተዉለት፤ ቅጠሉ የዛፉ ወጥ ቤት ነው።

የተቆረጠ ዋንዛ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ከወጡት ቡቃያዎች ቀጥ ያለውንና ጠንካራውን 1 መርጣችሁ ሌላውን ቁረጡ። እሾህ እጠሩበት። ሥሩ ትልቅ ስለሆነ ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ቶሎ ያድጋል። ጉቶ ስትነቅሉ እንግዲህ አስቡበት።

9. ዋንዛና ባሕር ዛፍ

አንዳንዱ ሰው “ባሕር ዛፍ እያለ ዋንዛን ማን ይጠብቃል?” ይላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የመጣ ዛፍ ነው። ቶሎ ይደርሳል። ለቤት ማገርና ለማገዶ፣ ለሽያጭም ይሆናል። እኛ ባሕር ዛፍን አናወግዝም። ግን ውሃ በጣም ይጠጣል፤ አጠገቡ ያለው እህልም ይቀጭጫል። ከምንጭና ከማሳ መራቅ አለበት።

ዋንዛ ለጣውላ እስኪደርስ ከ20 ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ግን ዝም ብሎ አይቆምም። አበባ፣ ቅጠል፣ ጥላና ፍሬ ይሰጣል። ባሕር ዛፍ የዓመቱን ዕዳ ይከፍላል፤ ዋንዛ የልጅን ጎጆ ያቆማል። ለሁለቱም ቦታ ቦታውን እንስጠው።

አንድ አባትና ልጁ በትልቁ ዋንዛ ሥር ቆመው ሲነጋገሩ እንስማ።

“አባባ፣ ነጋዴው ነገ ይመጣል?”
“አዎ ልጄ። ለእህትህ ሠርግ ገንዘብ ያስፈልገናል። ዋንዛውን እንሸጠዋለን።”
“ለእኔ ሠርግስ ምን ይሸጣል?”
አባትየው ዝም አሉ። ቀና ብለው ቅርንጫፉን አዩ።
“ይህን የተከሉት አያትህ ናቸው” አሉ ቆይተው። “እኔ ግን አልተከልኩም።”
“ታዲያ ፍሬው እኮ ወድቋል አባባ። እንልቀመው።”

ልጁ አሁን 7 ዓመቱ ነው። ዛሬ ቢተክሉ ከ20 ዓመት በኋላ 7 + 20 = 27 ዓመቱ ይሆናል። ያኔ ዋንዛው አብሮት አድጎ ይጠብቀዋል።

አባትየው ዛፉን መሸጣቸው ጥፋት አይደለም። ችግር ሲመጣ ሀብት ይሸጣል። ጥፋቱ ሳይተኩ መሸጥ ነው። እንግዲህ ደንባችን ይህ ይሁን፦ 1 ዋንዛ የቆረጠ ሰው አስቀድሞ 5 ያጽድቅ።

10. የዛፍ ደብተር

ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለምንድን ነው? ለሥራችን እንዲረዳን ነው። አንድ ደብተር ያዙ። በላዩ “የዛፍ ደብተር” ብላችሁ ጻፉ። በውስጡም እንዲህ መዝግቡ፦

የተተከለበት ቀን፦ ሐምሌ 10
የተተከለው ብዛት፦ 10
በጥቅምት ያለው፦ 9
በሰኔ ያለው፦ 7
የሞተበት ምክንያት፦ 1 ውሃ ተኝቶበት፣ 2 ፍየል በልቶት
በሚቀጥለው ክረምት የሚተካ፦ 10 − 7 = 3

ይህ ትንሽ ጽሑፍ ትልቅ ነገር ይነግረናል። 2 ችግኝ ፍየል ከበላው ችግሩ የአጥር ነው፤ ሌላ ችግኝ ከመትከላችን በፊት አጥሩን እናጥብቅ። ደብተር የሌለው ሰው ግን በየዓመቱ 10 እየተከለ፣ ፍየልን በየዓመቱ ይቀልባል። ዘንድሮ ስንት እንደተከልን ስንጠየቅ፣ አምና ከተከልነው ስንቱ እንዳለም አብረን እንናገር።

አዳዲስ ቃላት

ማፍላት፦ ዘርን በመደብ ወይም በላስቲክ ዘርቶ ችግኝ እንዲሆን ማድረግ።
መመልመል፦ የማያስፈልጉ ቅርንጫፎችን እየቆረጡ ዛፉን ማስተካከል።
ማቆጥቆጥ፦ ከተቆረጠ ጉቶ አዲስ ቡቃያ ማውጣት።
ማጽደቅ፦ የተተከለው ችግኝ ሳይሞት እንዲያድግ ማድረግ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በእናንተ ጎጥ ስንት ትልልቅ ዋንዛ አለ? ቁጠሩ።
2. ባለፉት 5 ዓመታት ስንት ተቆረጠ? ስንትስ ተተካ?
3. ከመኸር በኋላ ከብት በማሳ ሲለቀቅ ችግኝን እንዴት መጠበቅ ይቻላል? በጎጥ ደንብ ማውጣት ትችላላችሁ?
4. ቤታችሁ በሳምንት ስንት ጀሪካን ውሃ ለችግኝ ማዋል ይችላል? በዚያ ልክ ስንት ችግኝ ይተከላል?
5. በ8 ችግኝ ጀምራችሁ 3 ቢሞት ስንት ይቀራል?

መልሱን በዛፍ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ሰኔ ደብተሩን ገልጣችሁ፣ ችግኙ አጠገብ ቆማችሁ እንደገና ቁጠሩ።